ፊታቸው ያልፈካው ተቆጥተው አይደለም



ዛሬ የምናወራው ስለ ሁስነ ዘን ነው፤ ለሰው መልካም ግምት ስለመያዝ። የምናየውም በአንድ በሽታ በኩል ነው፤ በፓርኪንሰን።

ፓርኪንሰን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የሚንቀጠቀጥ እጅን ነው። ቦክሰኛው ሙሐመድ ዐሊ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ የኦሎምፒክን ችቦ ሲለኩስ ዓለም ያየው ያንን እጅ ነበር። በሽታው ከታወቀበት ያኔ 12 ዓመት ሆኖት ነበር። ነገር ግን ሁሉም ታማሚ አይንቀጠቀጥም። ቤት ውስጥ ሰውን የሚያቀያይሙት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌሎቹ ምልክቶች ናቸው፤ በሽታ ሳይሆን ጠባይ ይመስላሉና።

በሽታው የሚመጣው ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚሠሩ የአንጎል ሴሎች ቀስ በቀስ ሲሞቱ ነው። ዶፓሚን ሲያንስ ሳናስበው የምናደርገው ነገር ሁሉ ይዘገያል፤ ፈገግታው፣ እርምጃው፣ ምራቅ መዋጡ ሳይቀር። እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው።

1. ፊት። የፊት ጡንቻ እንቅስቃሴ ስለሚቀንስ ፊታቸው ስሜት አያሳይም። የልጅ ልጃቸው መጥቶ ሲስማቸው ልባቸው በደስታ ይሞላል፤ ፊታቸው ግን አይፈካም። ቤተሰቡ "አኩርፈዋል" ይላል። በፊታቸው አትፍረዱ። ምን እንደተሰማቸው ጠይቋቸው።

2. ድምፅ። ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ለራሳቸው ግን እንደ ድሮው የሚናገሩ ይመስላቸዋል። "ሰላምታዬን አልመለሱልኝም" ብላችሁ የተቀየማችሁባቸው አባት መልሰውላችሁ ሊሆን ይችላል። ቴሌቪዥኑን ዝጉ፣ ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ለመልስ ጊዜ ስጧቸው። ንግግራቸውን አትጨርሱላቸው።

3. እግር። በር ላይ፣ ጠባብ ቦታ ላይ ወይም ዞር ሲሉ እግራቸው መሬት ላይ የተጣበቀ ያህል ቀጥ ይላል። ጥድፊያና ግፊያ ደግሞ ያብሰዋል። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በመስጂድ በር ላይ ድንገት የቆሙ አዛውንት ካያችሁ ከኋላ አትግፏቸው፣ እጃቸውንም አትጎትቱ፤ ይወድቃሉ። ትንሽ ይቁሙ፤ ከዚያ "አንድ፣ ሁለት" እያሉ ወይም መሬት ላይ ያለን መስመር እንደሚሻገር ሰው እግራቸውን አንስተው ይራመዱ። የመስጂድ ምንጣፍ መስመር እንኳ ለዚህ ሊጠቅም ይችላል።

4. እንቅልፍ። አንዳንዶች በሕልማቸው የሚያዩትን በእጅ በእግራቸው ይሠሩታል፤ ይጮኻሉ፣ ይማታሉ፣ ይራገጣሉ። ይህ ሌላው ምልክት ከመታየቱ ከዓመታት በፊት ሊጀምር ይችላል። "ጂን ነው" ብሎ መደምደም አይገባም። ሩቅያ የሚቀራላቸውም ቢሆን ሐኪም ከማየት የሚያግድ ነገር የለም። ከአልጋው አጠገብ የሚጎዳ ዕቃ አንሱ።

5. ሽታና ሆድ። ሽታ ማጣትና የሆድ ድርቀትም ከመንቀጥቀጡ ብዙ ቀድመው ሊመጡ ይችላሉ። ቡና ሲቆላ ሽታው አይደርሳቸውም፤ ወጥ ሲያርም አያውቁም። ሽታ ያጣ ሁሉ ግን ፓርኪንሰን አለበት ማለት አይደለም፤ መንስኤው ብዙ ነው።

6. ፍላጎት ማጣት። ከሰው ይርቃሉ፣ ድሮ የሚወዱት ነገር አያጓጓቸውም። "ሰነፉ"፣ "ኢማናቸው ደከመ" አትበሉ። ድብርትና ተነሳሽነት ማጣት ከበሽታው ጋር የሚመጡ ናቸው። ለሐኪም ይነገር፤ ለድብርቱ ሕክምና አለው።

ሶላትን በተመለከተ፣ ከሱጁድ ወይም ከመቀመጫ ሲነሱ የደም ግፊታቸው በድንገት ወርዶ ሊያዞራቸው ይችላል። በሽታውም መድኃኒቱም ይህን ያመጣሉ። ሸሪዓችን መቆም ላልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ላልቻለ በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ አግርቶለታል። ስለዚህ በወንበር ላይ የሚሰግድን ሰው "ደህና አይደል እንዴ፣ አሁን በእግሩ መጥቶ?" ብላችሁ አትመዝኑት። የመድኃኒቱ ኃይል ሲኖር ይራመዳል፤ ሲያልቅ ደግሞ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል። በአንድ ቀን ውስጥ ይህ ይፈራረቃል፤ ማስመሰል አይደለም።

ስለ መድኃኒቱም እነዚህን ያዙ። ሌቮዶፓ ሰዓቱን ጠብቆ መወሰድ አለበት። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የመሳሰሉ ፕሮቲን ያላቸው ምግቦች ሥራውን ሊቀንሱበት ስለሚችሉ፣ ብዙ ጊዜ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ወይም 1 ሰዓት በኋላ እንዲወሰድ ይመከራል። በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፣ በተለምዶ ፕላሲል የምንለው፣ በሽታውን ሊያባብስ ስለሚችል ወደ የትኛውም ሐኪም ስትሄዱ ፓርኪንሰን እንዳለባቸው አስቀድማችሁ ተናገሩ። ረመዷን ሲቃረብም የመድኃኒቱን ሰዓት በራሳችሁ አትቀይሩ። ሐኪሙንም ዓሊሙንም ጠይቁ፤ አላህ ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል።

ወንድሞችና እህቶች፣ የወላጅ ሐቅ መድኃኒት በመግዛት ብቻ አያበቃም። ባልፈካ ፊት ውስጥ ያለውን ፍቅር አምኖ መቀበልም ከሐቃቸው ነው። ዛሬ ከጁሙዓ በኋላ "ተቀየሩ" ወደምትሏቸው አባት ወይም እናት ሂዱ። አጠገባቸው ተቀመጡ፣ አትቸኩሉ፣ ቀስ ብለው የሚሉትን እስከ መጨረሻው ስሙ። እነዚህን ምልክቶች ካያችሁባቸውም የነርቭ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።

ያ አላህ! ሕሙማኖቻችንን አሽርልን፣ ለሚያስታምሟቸው ሶብርና ብርታት ስጣቸው፣ ልባችንንም ከመጥፎ ግምት አጥራልን። አሚን።