ጆሮ የማይለቅ ዘፈን በየብልቱ ሲታይ

ዜማ መድረስ፣ ግጥም መጻፍ ወይም ሙዚቃ ማቀናበር እንጀራችሁ ከሆነ፣ ሕዝብ የወደደውን ዘፈን «ዕድል ቀንቶት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ዕድልም ማስታወቂያም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን አንዴ ሰምተነው ቀኑን ሙሉ የምናንጎራጉረው ዘፈን ውስጥ ባለሙያ አስቦ የወሰናቸው ነገሮች አሉ፤ እነሱን ነጥሎ ማውጣት ደግሞ በልምምድ የሚገኝ ችሎታ ነው።

አንድ ዘፈን ምረጡ። ወረቀትና የስልካችሁን ሰዓት ይዛችሁ ስሙት። ድምፃዊው በስንተኛው ሴኮንድ ገባ? አዝማቹ መቼ መጣ? ስንት ጊዜ ተመለሰ? በተመለሰ ቁጥር ምን ተጨመረበት፣ ምንስ ተቀነሰበት? ወደድኩት ወይም ጠላሁት የሚለውን ለጊዜው አቆዩትና የሰማችሁትን ብቻ ጻፉ።

«አባ» የተባለው የስዊድን ባንድ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣውን «ዳንሲንግ ኩዊን» እንውሰድ። ጣት የፒያኖውን ቁልፎች ጠራርጎ ያልፋል፤ ቃል የሌለው የሴቶች ዜማ ይከተላል። ከዚያ የመጀመሪያው ቤት ይመጣል ብለን ስንጠብቅ የአዝማቹ ሁለተኛ አጋማሽ ይገባል። ቤቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ዝቅ ባለና በረጋ ድምፅ። ስለዚህ ሙሉው አዝማች ሲደርስ አድማጩ ግማሹን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የተረጋጋው ቤትም ከፍታውን ያጎላለታል። ምቱ በደቂቃ 100 ገደማ ነው፤ ያስጨፍራል፣ ግን አያጣድፍም።

እንግዲያው አዝማቹን ሁልጊዜ ማስቀደም ነው? አይደለም። የማይክል ጃክሰን «ቢሊ ጂን» ድምፃዊው እስኪገባ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆያል። ፕሮዲውሰሩ ኩዊንሲ ጆንስ መግቢያው ይጠር ብሎ ነበር፤ ማይክል ግን አልተስማማም። ቆይታው የማይሰለቸው የቤዙ ዜማ ራሱ ስለሚያዝ ነው። ከሁለቱ ዘፈኖች የምንወስደው ይህን ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች አድማጭ የሚይዘው አንድ ነገር ስጡት። ዜማ፣ ቤዝ ወይም ምት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ያንኑ ነገር እየመለሳችሁ፣ በየመመለሻው ትንሽ ለውጡበት።

በአማርኛ ስትሠሩ ሁለት ነገር ይጨመራል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የቆሙ ቅኝቶች ናቸው። በአንድ ቅኝት የተሠሩ ሁለት ዜማዎችን የሚለያቸው አነሳሳቸው፣ ማረፊያቸውና የድምፆቹ እርዝማኔ ስለሆነ ስትመረምሩ እነዚህን አስተውሉ። ሁለተኛው ግጥሙ ነው። የወል ቤት ስንኝ 12 ቀለም አለው፤ ስድስት ስድስት ሆኖ መሃሉ ላይ ይተነፍሳል። የግጥሙና የዜማው ትንፋሽ አንድ ቦታ ካልገጠሙ አድማጭ አብሮ ለማለት ይቸገራል። መጥበቅና መላላትንም ጠብቁ፦ «አለ» ላልቶ «ተናገረ»፣ ጠብቆ «ይገኛል» ነው፤ ዜማው ካዛባው መልእክቱ አብሮ ይዛባል።

ከሌላው ዘፈን የምትወስዱት አሠራሩን እንጂ ዜማውን አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሙዚቃ ሥራን ይጠብቃል፤ የሰው ዜማ ያለፈቃድ መውሰድ በሕግ ያስጠይቃል፣ የሙያ ስምንም ያጎድፋል።

በመጨረሻ የራሳችሁን ሥራ በዚያው ወረቀት መዝኑ። ስቱዲዮ ገብታችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አዝማቹን ያለ መሣሪያ በስልክ ቅዱትና ሙዚቃ ለማያውቅ ሰው አሰሙት። በማግስቱ ዜማውን መልሶ ካንጎራጎረላችሁ ወደ ቅንብር ሂዱ። ካልቻለ ኪቦርዱም ሚክሲንጉም አያድነውም፤ ተመልሳችሁ ዜማው ላይ ሥሩ።