የኋላ ፍሬን ጎማን አስሮ ሲይዝ

መኪናን የሚያስኬደው ሞተር ነው። የሚያቆመው ግን ፍሬን ነው። አልሄድ ያለ መኪና ሥራ ያስፈታል። በደንብ የማይቆም መኪና ግን ሰው ይገድላል። ስለዚህ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ፒክ አፕ እህል ጭኖ ወደ ገበያ ሲወጣ ስለ ፍሬኑ ማወቅ ያለበት ሹፌሩ ብቻ አይደለም። እህሉን የጫነውና አብሮ የተሳፈረው ሰውም ሊያውቅ ይገባል።

በዚህ ትምህርት ከፍሬን በሽታዎች አንዱን እንመለከታለን። ይኸውም የኋላው ፍሬን ጎማውን ያለ ልክ አስሮ ሲይዝ ነው።

1. የኋላ ፍሬን እንዴት ይሠራል?

በብዙ ፒክ አፖች የኋላ ጎማ ውስጥ እንደ ከበሮ ክብ የሆነ ብረት አለ። ታምቡር ይባላል። ከጎማው ጋር አብሮ ይዞራል። በታምቡሩ ውስጥ የማይዞሩ ሁለት ጎባጣ ብረቶች አሉ። በእነሱ ላይ የፍሬን ሸራ ተለጥፏል። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬን ዘይት በቀጭን ቱቦ እየተገፋ ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል። ጎማው ይቆማል። ፔዳሉ ሲለቀቅ ሞላዎች ሸራውን ወደ ቦታው ይመልሱታል።

2. ጎማው ቢታሰር ምን ጉዳት አለው?

«አጥብቆ ቢይዝ ምን ይጎዳል? ቶሎ ያቆማል እንጂ» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የተጫነች አህያ ቁልቁለት ስትወርድ ክብደቱ በፊት እግሮቿ ላይ ያርፋል፤ የኋላ እግሮቿ ይቀላሉ። መኪናም ፍሬን ሲረገጥ እንደዚሁ ነው። ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላው ጎማ ይቀላል። የቀለለ ጎማ ደግሞ ቶሎ ይታሰራል። የታሰረ ጎማ መዞሩን ትቶ ይንሸራተታል። ያን ጊዜ የመኪናው ኋላ ወደ ጎን ይወረወራል፤ መኪናው ይዞራል። በጭቃና በጠጠር መንገድ ይብሳል። እህሉን አራግፎ ባዶውን የሚመለስ መኪና ከተጫነው ይልቅ ለዚህ አደጋ ቅርብ ነው።

3. በሽታውን እንዴት እንለያለን?

መጀመሪያ «መቼ ነው የሚይዘው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ሀ. ፔዳሉ ሳይረገጥ የሚይዝ ከሆነ፦ መኪናው ይከብዳል፤ ነዳጅ ይፈጃል። ጥቂት እንደሄደ ቸርኬው ይግላል፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ሙቀቱን ለማወቅ እጅን ማስጠጋት ይበቃል። መንካት ግን ያቃጥላል።

ምክንያቱን ለማግኘት መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። የፊት ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ይታገዱ። የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ፤ ማርሹ ነጻ ይሁን። ከዚያ ኋላው በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ ብረት ይደገፍ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ሕይወትን ያሳጣል!

አሁን ጎማውን በእጅ ማዞር ነው። አልዞር ካለ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ይላላ። ያን ጊዜ ከዞረ ገመዱ ዝጓል ማለት ነው። አሁንም ካልዞረ መካኒኩ የአየር ማስወጫውን ቡሎን ጥቂት ያላላዋል። ዘይት ፊን ብሎ ጎማው ከተፈታ፣ ዘይቱ መመለሻ አጥቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ያረጀ የጎማ ቱቦ ከውስጥ አብጦ ይዘጋል። በዚህም ካልተፈታ ታምቡሩ ይከፈት። ሞላው ደክሞ፣ ፒስተኑ ዝጎ ወይም ሸራው ከልክ በላይ ተጠግቶ ይሆናል።

ለ. ሲረገጥ ብቻ ቀድሞ የሚታሰር ከሆነ፦ ታምቡሩ ተከፍቶ ሸራው ይታይ። ብዙ ጊዜ ዘይት ጠጥቶ ይገኛል። «ዘይት ያንሸራትታል እንጂ እንዴት ያስራል?» ትሉ ይሆናል። ጥቂት ዘይት የነካው ሸራ ሲግል ይጣበቃል፤ ታምቡሩንም ድንገት ይይዛል። ሸራው ደረቅ ከሆነና ባዶ ሲሆን ብቻ የሚታሰር ከሆነ ሌላ ነገር ይመርመር። በአንዳንድ ፒክ አፖች ከኋላው አክሰል ጋር የተያያዘ፣ እንደ ጭነቱ መጠን የኋላውን ፍሬን ኃይል የሚመጥን መሣሪያ አለ። እሱ ዝጎ እንደተጫነ ሆኖ ከቀረ ባዶውን መኪና ያስረዋል።

መኪናው በዝናብ ቆሞ ካደረ ግን ታምቡሩ ጥቂት ይዝጋል፤ ጠዋት አንድ ሁለት ጊዜ ሊይዝ ይችላል። ወዲያው ከተወ በሽታ አይደለም።

4. እንዴት ይጠገናል?

ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብ አይድንም። ይለወጣል። ከዚያ በፊት ግን ዘይቱ የሚያፈስበት ቦታ ይደፈን፤ አለዚያ አዲሱም ሸራ ይበላሻል። ሸራ ሲለወጥ የግራውም የቀኙም ነው። አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል። የዛገ ገመድ፣ ያበጠ ቱቦና የደከመ ሞላም ይለወጣሉ። በመጨረሻ በቱቦው የገባው አየር ይውጣ። ሙከራውም በሜዳ ላይ፣ ሰው ሳይጫን፣ በዝግታ ይሁን።

5. ፈጽሞ የማይደረጉ ነገሮች

• የሚያስቸግረውን ጎማ የዘይት ቱቦ ዘግቶ መንዳት። ይህ በሽታውን መደበቅ ነው። በአንድ ጎማ የማይዝ መኪና ቁልቁለት ላይ ያታልላል።
• በፍሬን ዘይት ፈንታ የሞተር ዘይት መጨመር። የፍሬኑ ጎሚኒዎች ያብጣሉ፤ ፍሬኑ በሙሉ ሊታሰር ይችላል።
• የታምቡሩን አቧራ በአፍ መንፋት። ያረጀ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። አስቤስቶስ የሳንባ ካንሰር ያመጣል። አቧራው በውኃ በራሰ ጨርቅ ይጠረግ።

የጋለ ቸርኬ ያየ ወይም የተቃጠለ ሽታ የሸተተው ተሳፋሪ «ሹፌሩ ያውቃል» ብሎ ዝም አይበል። «አቁምና እንየው» ይበል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ጥያቄዎች

1. ፍሬን ሲረገጥ የኋላው ጎማ ለምን ይቀላል?
2. ዘይት የነካው ሸራ ምን ያደርጋል?
3. ሸራ በሁለቱም በኩል የሚለወጠው ለምንድን ነው?
4. በማኅበራችሁ መኪና ላይ ከእነዚህ ምልክቶች የትኛውን አይታችኋል? ተወያዩበት።