የጀርመንኛ ትንቢትና የኛ «ይሆናል»

ከሁሉ በፊት ጥፋታችንን እንናገር። አጠና ተራ አጠገብ በተከራየናት ክፍል ማታ ማታ እየተሰበሰብን ጀርመንኛ መማር ጀምረናል። የሰዋስው መጽሐፉን ያዋሱን የአንዳችን አጎት ናቸው፤ በ1970ዎቹ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት ሄደው ቋንቋውን ላይፕሲግ፣ ሄርደር ኢንስቲትዩት የተማሩ። ታዲያ «ነገ እንመጣለን» ለማለት «ቪር ቮለን ሞርገን ኮመን» ብለን ላክንባቸው። ስንደርስ ቡና የለ፣ ምን የለ! «መምጣት እንደምትፈልጉ ነገራችሁኝ እንጂ እንደምትመጡማ መቼ ነገራችሁኝ?» አሉን።

ያሳተን እንግሊዝኛው ነው። የእንግሊዝኛው «ዊል» ትንቢት ሲሆን፣ የጀርመንኛው «ቪል»፣ ሲበዛም «ቮለን»፣ መፈለግ ነው። በአማርኛ ብናስብ ኖሮ እኮ ባልተሳሳትን! እኛ «ሁልጊዜ እሑድ እንመጣለን» እንላለን፤ «ነገ እንመጣለን»ም እንላለን። ግሱ አንድ ነው፤ ጊዜውን የሚለየው «ነገ» ነው። ጀርመኖችም እንዲሁ በአሁን ጊዜው ግስ «ቪር ኮመን ሞርገን» ብለው ይጨርሳሉ።

«ቬርደን» የሚባል የትንቢት ረዳት ግስም አላቸው፤ እሱ ሁለተኛ ቦታ ይቆማል፣ ዋናው ግስ እንደኛው መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ቪር ቬርደን ኮመን» ቢሉ ስሕተት የለውም፤ ቃል ሲገቡ ወይም ሲተነብዩ ይሉታል። የሚገርመው ግን ለግምትም መዋሉ ነው። «ኤር ቪርት ጹ ሃውዘ ዛይን» ማለት ብዙውን ጊዜ «እቤት ይሆናል» ነው፤ ነገ ሳይሆን አሁን። የኛው «ይሆናል» ቁጭ!

አንድ ልዩነት ግን አለ። «መምህር ይሆናል» ስንል ሁለት ፍቺ አለው፤ ወደፊት መምህር ሊሆን ነው፣ ወይም መምህር ሳይሆን አይቀርም። ጀርመንኛ ይለያቸዋል፤ የመጀመሪያው «ኤር ቪርት ሌረር»፣ ሁለተኛው በአብዛኛው «ኤር ቪርት ሌረር ዛይን» ነው። እንግዲህ እኛ ሠልጣኞች «ቪር ቬርደን ሌረር» እንላለን፤ «ዛይን» ከጨመርንበት ግን መምህርነታችንን ራሳችን የተጠራጠርን ሊመስል ይችላል!

በነገራችን ላይ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ከአማራ አገር ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ ተምሮ የአማርኛ ሰዋስው ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1698 ነው። እሱ በኛ «ይሆናል» ተቸግሮ ይሆን?

እስቲ «እኅቴ ሐኪም ትሆናለች» የሚለውን በሁለቱም ፍቺ ወደ ጀርመንኛ መልሱ። ሴት ሐኪም «ኤርጽቲን»፣ እኅቴ «ማይነ ሽቬስተር» ነው። መልሱን እዚሁ ግርጌ በእርሳስ ጻፉልን።