የወር አበባ ሕመም የሔዋን ዕዳ ነውን?

አንዳንድ እኅቶቻችን በየወሩ ጥርሳቸውን ነክሰው የሚያሳልፉትን ቁርጠት የሔዋን ዕዳ ያደርጉታል። ክኒን መዋጥም ከቅጣት መሸሽ ይመስላቸዋል። ይህን ሐሳብ ቀስ ብለን እንመርምረው።

በዘፍጥረት 3፥16 ለሔዋን የተነገራት ስለ ፅንስና ስለ ወሊድ ጭንቅ ነው፤ የወር አበባ እዚያ አልተነሣም። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 15 ደግሞ ያነሣዋል፤ ሰባት ቀን ይቆጥራል፣ መታጠብን ያዝዛል። ነገር ግን እንደ ልማዱ በወሩ ለመጣ ደም የኃጢአት መሥዋዕት አልጠየቀም። የጠየቀው ከልማዱ ውጭ ለረዘመ ደም ነው፤ እርሱም ሴትየዋ ከነጻች በኋላ የሚቀርብ ነው። እንግዲህ በደል ተብሎ ያልተቆጠረ ነገር ከየት ቅጣት ያመጣል? በእነዚያ ቀናት ቤተ መቅደስ ሳይገቡ በዐጸዱ ቆሞ መጸለይ ሥርዓት ነው፤ ቁርጠትን ያለ መድኃኒት መቻል ግን ከሥርዓቱ ውስጥ የለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒቱን አክብሩ ይላል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል።

ሕመሙ ከየት ይመጣል? ማኅፀን ለፅንስ ያሰናዳውን ሽፋን በየወሩ ሲያፈርስ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይመነጫል። ይህም የማኅፀንን ጡንቻ ያኮማትራል፣ የደም ሥሮቹን ያጠብባል። ቁርጠቱ ወደ ወገብና ወደ ጭን የሚወርደው፣ አንዳንዴም ማቅለሽለሽና ተቅማጥ የሚያስከትለው በዚሁ የተነሣ ነው። ኢቡፕሮፌን የሚያስታግሰው ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት በማድረግ ነው። ስለዚህ ሕመሙ እስኪበረታ ታግሦ መዋጥ ጥቅሙን ያሳንሰዋል፤ ገና ሲጀምር፣ እህል ቀምሶ መውሰድ ይሻላል። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም አስም ያለባት አስቀድማ ባለሙያ ትጠይቅ፤ ለእርሷ ፓራሲታሞል ሊሻል ይችላል።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾመውስ? ፍትሐ ነገሥት ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ይለያልና ከነፍስ አባቷ ጋር ትመካከር። ክኒኑም ሥጋና ወተት አይፈልግም፤ እንጀራ በሽሮ ይበቃዋል።

በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ ከእምብርት በታች ማድረግና ቀለል ያለ የእግር ጉዞም ይረዳሉ።

«ስትወልጂ ይተውሻል» የሚለው ማጽናኛ ግን ብዙዎችን ከሐኪም አስቀርቷል። የተለመደው ሕመም የወር አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየ ብዙም ሳይቆይ ይመጣል፤ በየወሩም ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ይለቃል። ከዓመታት በኋላ አዲስ የመጣ፣ ከወር ወር የሚብስ፣ ከወር አበባው ቀን ውጭ ወይም በግንኙነት ጊዜ የሚያም፣ ደሙም ከሰባት ቀን የሚያልፍ ከሆነ መታየት አለበት። ምናልባት ማዮማ የሚባለው የማኅፀን ዕጢ ነው፤ ምናልባትም የማኅፀንን ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማኅፀን ውጭ የሚያድግበት ኢንዶሜትሪዮሲስ። በወንጌል ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት ገንዘቧን በባለ መድኃኒቶች ጨርሳ ነበር፤ ጌታ «ልጄ» አላት እንጂ ለምን ፈውስ ፈለግሽ ብሎ አልነቀፋትም። ሐኪም ዘንድ የምትሄደውም ሕመሙ የመጣበትንና የለቀቀበትን ቀን ጽፋ ትያዝ። ኢንዶሜትሪዮሲስ በአልትራሳውንድ ላይታይ ይችላልና «ምንም የለብሽም» ተብላ ሕመሙ ካልተዋት፣ ደግማ ትሂድ።