ሳይለኩ መቁረጥ
(ስለ መኪና ሞላና አሞርዛተር አጭር ትምህርት)

በትምህርት ቤታችን ግቢ ስለ መኪና ጨዋታ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የምንከራከረው ስለ ሞተር ነው። ይህ መኪና ስንት የፈረስ ጉልበት አለው፣ ያኛውስ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይሮጣል እንባባላለን። ነገር ግን የሞተሩም ኃይል፣ የፍሬኑም ሥራ፣ የመሪውም ትእዛዝ መሬት የሚደርሰው በአራት ጎማዎች ብቻ መሆኑን እንዘነጋለን። እያንዳንዱም ጎማ መሬት የሚነካበት ስፋት ከአንድ ሰው መዳፍ እምብዛም አይበልጥም። እነዚህ አራት መዳፎች መሬቱን ሳይለቁ እንዲሄዱ የሚያደርገው ክፍል የመኪናው እግር፣ በሌላ አነጋገር ሰስፔንሽን የሚባለው ነው። ስለዚህ ክፍል አሠራር፣ አጠባበቅና አለዋወጥ የተማርሁትን በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ እገልጻለሁ። ትምህርቱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በቤታችን ከደረሰ አደጋ ጭምር ስለ ሆነ፣ ጓደኞቼ እንደኛ ዋጋ ሳይከፍሉ ቢያገኙት ደስ ይለኛል።

የክፍሎቹ ሥራ

የእግሩ ዋና ዋና ክፍሎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ሞላ ነው፤ በጭነት መኪናዎች ላይ በሞላ ፈንታ ብዙ ጊዜ ባሌስትራ ይገኛል። ሞላ የመኪናውን ክብደት ይሸከማል፤ ጎማው ጉብታ ሲመታም እየተጨመቀ ግፊቱን ይቀበላል። ይሁን እንጂ የተቀበለውን ኃይል መልሶ ይሰጣል እንጂ አያጠፋውም። ብቻውን ቢሆን ኖሮ መኪናው ከአንድ ጉብታ በኋላ እንደ ኳስ እየነጠረ ይሄድ ነበር።

ሁለተኛው አሞርዛተር ነው። በውስጡ ዘይትና ፒስተን አለ። ፒስተኑ ሲንቀሳቀስ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች ተገፍቶ ያልፋል፤ በዚህም የሞላው ንጥረት ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። ብዙ ሰው አሞርዛተር ክብደት የሚሸከም ይመስለዋል። የሚሸከመው ግን ሞላው ነው፤ አሞርዛተር የሞላው ልጓም ነው።

ሦስተኛው ክፍል ብራቾዎችን፣ ጎሚኒዎችንና መገጣጠሚያዎችን የያዘ ሲሆን፣ ሥራቸውም ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል አቅጣጫውን እንዳይስት መምራት ነው።

የዚህ ጥበብ ታሪክ ረዥም ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሞሪስ ኦሊ በ1930 ከሮልስ ሮይስ ወደ አሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ተዛውሮ የፊት ጎማዎች እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚንቀሳቀሱበትን እግር ለማስፋፋት ብዙ ደከመ፤ የ1934 መኪናዎችም በዚሁ ተሠሩ። ቀጥሎም አሜሪካዊው ኧርል ማክፈርሰን ሞላውንና አሞርዛተሩን በአንድ ምሰሶ ላይ አጣምሮ ክፍሎቹን አሳነሰ፤ በ1950 የተዋወቀው ፎርድ ኮንሱል ይህን አሠራር ይዞ ወጣ። በከተማችን በብዛት የምናየው ቶዮታ ኮሮላም የፊት እግሩ የዚሁ ዓይነት ነው።

የወንድሜ መኪና

ታላቅ ወንድሜ ለብዙ ዓመት ባጠራቀመው ገንዘብ አንድ አሮጌ ኮሮላ ገዛ። መኪናው እንደ ውድድር መኪና ዝቅ እንዲልለት ስለ ፈለገ፣ ወደ አንድ ጋራዥ ወስዶ ከሁለቱ የፊት ሞላዎች ሁለት ሁለት ጥምዝ አስቆረጠ። ሥራው ግማሽ ቀን አልፈጀም፤ ዋጋውም ትንሽ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበው አደነቁ፤ እኔም ከማንም በላይ ተደስቼ ፎቶግራፍ አነሣሁት።

በወሩ፣ በክረምት፣ እናታችንን ይዘን ከእንጦጦ ስንወርድ ቁልቁለቱ ላይ ካለ አንድ መታጠፊያ ደረስን። አስፋልቱ በጎርፍ ተቦርቡሮ ነበር። ወንድሜ ፍሬን ይዞ መሪውን ሲያዞር ከፊት በኩል እንደ መዶሻ ያለ ድምፅ ሰማን። መኪናው መሪውን አልታዘዝ ብሎ ቀጥ ብሎ ሄደና ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ገብቶ ቆመ። እናታችን ክንዷን ተሰበረች። ቦዩ ባይኖር ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው ምናልባት ሌላ ተማሪ በሆነ ነበር።

ፍጥነታችን ብዙ እንዳልነበረ አይቻለሁና ነገሩ አልገባኝም። በኋላ መኪናውን የተመለከቱት አንድ ሽማግሌ መካኒክ በአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ ያለውን የላስቲክ ማቆሚያ አውጥተው አሳዩኝ፤ ተፈጭቷል። «ልጄ፣ ሞላው የሚታጠፍበት ቦታ አጥቶ ነው፤ የቆረጠው ሰው ቀድሞ አልለካም» አሉኝ።

ሂሳቡ

ያን ዕለት ማታ ደብተሬን አውጥቼ ማስላት ጀመርሁ። ሮበርት ሁክ በ1678 ባሳተመው ሕግ መሠረት ሞላ የሚታጠፈው በተጫነው ኃይል መጠን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለትንሽ መኪና የሚቀርቡ የምሳሌ ቁጥሮች ናቸው እንጂ የወንድሜን መኪና ለክቼ ያገኘኋቸው አይደሉም።

አንዱ የፊት ሞላ 300 ኪሎ ይሸከማል እንበል፤ ይህም 2943 ኒውተን ነው። ሞላው 8 የሚሠሩ ጥምዞች ቢኖሩትና አንድ ሚሊሜትር ለመታጠፍ 20 ኒውተን ቢፈልግ፣ በመኪናው ክብደት ብቻ 147 ሚሊሜትር ይታጠፋል። አሁን ሁለት ጥምዝ እንቁረጥ። የሞላ ጥንካሬ ከጥምዞቹ ቁጥር ጋር ተቃራኒ ስለ ሆነ፣ 20 በ8 ተባዝቶ ለ6 ሲካፈል 26.7 ኒውተን ይሆናል። ያው ክብደት አሁን የሚያጥፈው 110 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን የእያንዳንዱ ጥምዝ ርቀት 45 ሚሊሜትር ቢሆን ከቁመቱ 90 ሚሊሜትር ጠፍቷል። ስለዚህ መኪናው በ90 እና በ37 ልዩነት፣ ማለት በ53 ሚሊሜትር ይወርዳል።

ከመቆረጡ በፊት ከላስቲክ ማቆሚያው በላይ 85 ሚሊሜትር ቦታ ቢኖር አሁን የቀረው 32 ነው። ፍሬን ጠንክሮ ሲያዝ ደግሞ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። በአንዱ የፊት ጎማ ላይ 80 ኪሎ ቢጨመር፣ የተቆረጠው ሞላ ተጨማሪ 29 ሚሊሜትር ይታጠፋል። የሚተርፈው 3 ሚሊሜትር ብቻ ነው! ባልተቆረጠው ሞላ ቢሆን ግን መታጠፉ 39 ሆኖ 46 ሚሊሜትር ይተርፍ ነበር። በ3 ሚሊሜትር የአስፋልት ጉድጓድ አይታለፍም። እግሩ ከማቆሚያው ሲጋጭ ሞላ እንደሌለው ያህል ይደነድናል፤ ያን ጊዜ ጎማው መሬቱን ይለቃል፤ መሪውም ትርጉም ያጣል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። በሴኮንድ 1.3 ጊዜ ይወዛወዝ የነበረው መኪና አሁን 1.5 ጊዜ ይወዛወዛል፤ አሞርዛተሩ ግን የተሠራው ለቀድሞው ሞላ ስለ ሆነ ጠንካራውን ሞላ እንደ ቀድሞው ሊገራ አይችልም። በማክፈርሰን ዓይነት እግር ላይ ደግሞ መኪናው ከልክ በላይ ሲወርድ የብራቾው ጫፍ በጎማው በኩል ወደ ላይ ይቀናል። በዚህ ጊዜ አካሉ የሚያጋድልበት ማእከል ከመኪናው ክብደት ማእከል ይበልጥ ይወርዳል። ስለዚህ በመታጠፊያ ላይ ማጋደሉ በታሰበው መጠን አይቀንስም።

ስለ ጥገና

ማንኛውም ሰው ስለ ማሻሻል ከማሰቡ በፊት ያለውን ማደስ ይገባዋል። ከሽማግሌው መካኒክ ዘንድ በተመላለስሁበት ጊዜ የሚከተለውን ተማርሁ።

1ኛ፤ የመኪናውን ማእዘን ወደ ታች ተጭኖ መልቀቅ። አንዴ ተነሥቶ ካልረጋና ደጋግሞ ከነጠረ አሞርዛተሩ ሞቷል። ይሁን እንጂ ይህ ፈተና የሚያጋልጠው ፈጽሞ የደከመውን ብቻ ነው።

2ኛ፤ በአሞርዛተሩ ላይ ትንሽ ወዝ ቢታይ አያስደነግጥም፤ ዘይቱ እየወረደ ከሆነ ግን መለወጥ አለበት። ሲለወጥም ግራና ቀኙ አንድ ላይ ነው።

3ኛ፤ የተሰነጠቀ ጎሚኒና የላላ መገጣጠሚያ ማደስ። እነዚህ ካረጁ ውድ አሞርዛተር መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው።

4ኛ፤ የታመቀ ሞላ በውስጡ ብዙ ኃይል አለ። ያለ ሞላ መጭመቂያ የላዩን ዳዶ የሚፈታ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

5ኛ፤ የብራቾ ጎሚኒ ቡሎኖች በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማዎቹ ቆሞ ሳለ ነው። በክሪክ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ላስቲኩ እንደ ተጠመዘዘ ስለሚኖር ቶሎ ይቀደዳል።

6ኛ፤ ከሥራው በኋላ የጎማ አላይመንት ማስለካት።

ለመንገድና ለውድድር

ጠንካራ ሞላ በራሱ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። የውድድር ሜዳ አስፋልቱ ብዙውን ጊዜ ለስላሳ ነው፤ ጎማዎቹም እጅግ ስለሚይዙ መኪናውን በኃይል ያጋድሉታል። ስለዚህ ጠንካራ ሞላ፣ እርሱን የሚገራ ጠንካራ አሞርዛተርና ወደ ውስጥ ሁለት ሦስት ዲግሪ የዘነበለ የፊት ጎማ ይስማማዋል። ይኸው ዝንባሌ በከተማ መንገድ ላይ የጎማውን የውስጥ ጠርዝ ቶሎ ይበላል። ሜዳውም ቢሆን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በጀርመን አገር በ1927 የተከፈተው የኑርቡርግሪንግ ሰሜናዊ ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ዳገት፣ ቁልቁለትና ጉብታ የበዛበት ነው። በለስላሳ ሜዳ የሚፈጥን ደንዳና መኪና እዚያ ሲዘል ጊዜ ያባክናል።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ የሎተስ ኤላን ነገር ነው። የውድድር መኪና ሠሪው የኮሊን ቻፕማን ኩባንያ በ1962 ያወጣው ይህ ቀላል መኪና መንገድ በመያዙ እስከ ዛሬ ይመሰገናል፤ ሞላዎቹ ግን ለስላሶችና ብዙ የሚታጠፉ ነበሩ። ሥራው የተከፋፈለው በሞላው፣ በአሞርዛተሩና በብራቾዎቹ መካከል በስምምነት ነበር።

እንግዲህ መኪናውን ለመንገድ ማሻሻል የሚወድ ሰው በቅድሚያ ጥሩ ጎማ ያድርግ፣ የአየሩንም ልክ ይጠብቅ፤ ቀጥሎ ጥሩ አሞርዛተር ይግጠም፤ ሞላ ከለወጠም ለዚያው መኪና ተሰልቶ የተሠራውን፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ሴንቲሜትር በላይ የማያወርደውን ይምረጥ። ስታብላይዘር ከተጨመረ ደግሞ የፊቱ ሲጠነክር መኪናው ለመታጠፍ እንደሚያስቸግር፣ የኋላው ሲጠነክር ግን ጅራቱ ሊወጣ እንደሚችል ይወቅ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ፤ የለወጠውንም ይጻፍ።

ወንድሜ የተቆረጡትን ሞላዎች አውጥቶ ለመኪናው የተሠሩትን ገጠመ። መኪናው ዛሬ ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ የሰፈሩም ልጆች አያደንቁትም። እናታችን ክንዷ ድኖላት ከኋላ ትቀመጣለች። ከተቆረጡት ሞላዎች አንዱን እኔ ወስጄ በጥናት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሂሳቡን ለመሥራት የፈጀብኝ ጊዜ አንድ ሰዓት አይሞላም ነበር። ያ አንድ ሰዓት ከመቁረጡ በፊት ቢመጣ ኖሮ ምን ያህል በተሻለ! ጓደኞቼ ሆይ፣ አባቶቻችን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላሉ፤ እኛም ሳይቸግረን ብረት ከመቁረጣችን በፊት እርሳስ አንሥተን እንለካ።