የፕለጊን ስሕተት እንዴት ይመረመራል?

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያው ቀን ሲቃረብ በየማደሪያው ከሚሰማው እሮሮ አንዱ፥ «ዞቴሮ ስሕተት እያለ አላሠራ አለኝ» የሚል ነው። የዋቢ መጻሕፍቱና የግርጌ ማስታወሻው ሁሉ በዚህ ፕሮግራም ስለሚያዝ ድንጋጤው አያስገርምም። አብዛኛው ተማሪ ወዲያውኑ የሚያደርገው ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ብዙ ጊዜ ከድካም በቀር ትርፍ የለውም።

ምክንያቱም ስሕተቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከፕለጊን ነው። ፕለጊን ማለት ሌላ ሰው ጽፎት በዋናው ፕሮግራም ላይ የሚቀጠል ክፍል ሲሆን፥ በሰው ቤት እንደሚኖር ደባል ሊቆጠር ይችላል። ባለቤቱ በሩን ወደ ሌላ ወገን ሲያዞር ደባሉ ከግድግዳ ጋር ይጋጫል።

ዞቴሮ ራሱ ይህን ዕጣ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር የፋየርፎክስ ደባል ነበረ። ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2017 በ57ኛው እትሙ የቀድሞዎቹን ቅጥያዎች አልቀበልም ሲል፥ ዞቴሮ በዚያው ዓመት አስቀድሞ ከቤቱ ወጥቶ ለብቻው ቆሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ተራው የእርሱ ሆነ፤ በሰባተኛው እትም ውስጡ ስለተለወጠ ለስድስተኛው የተጻፉት ፕለጊኖች ካልታደሱ በቀር የማይሠሩ ሆኑ። ፋይል ለማደራጀት ያገለግል የነበረው ዞትፋይል በዚህ ምክንያት ቀርቷል።

ፕለጊኖቹ የሚቀመጡት ከፕሮግራሙ ተለይተው በፕሮፋይል ፎልደር ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ተነቅሎ ሲተከል በሽተኛው ፕለጊን እዚያው ይጠብቀናል። እንግዲህ የምርመራው ሥርዓት የሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ዞቴሮን ዘግቶ «ዞቴሮ» የተባለውን የመረጃ ፎልደር በሙሉ፥ ከጽሑፉ ፋይል ጋር፥ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ። ያለ ግልባጭ ምንም አይነካ። በተለይ በዎርድ ውስጥ «አንሊንክ ሳይቴሽንስ» የሚለውን ከመጫን መጠንቀቅ ይገባል፤ ማስታወሻዎቹን ከዞቴሮ ለሁልጊዜ ይለያያቸዋልና።

ሁለተኛ፥ የስሕተቱን መልእክት ቃል በቃል መጻፍና ምን ሲደረግ እንደመጣ መመዝገብ። ብዙ ጊዜ የፕለጊኑ ስም በመልእክቱ ውስጥ ይገኛል።

ሦስተኛ፥ «ሄልፕ» ከሚለው ዝርዝር «ሪስታርት ኢን ትረብልሹቲንግ ሞድ» የሚለውን መምረጥ። ፕሮግራሙ ያለ ፕለጊኖቹ ይነሣል። ስሕተቱ ከጠፋ ጥፋቱ ከደባሎቹ መካከል ነው፤ ካልጠፋ ግን እነርሱን ትቶ ሌላ ምክንያት መፈለግ ነው።

አራተኛ፥ በግማሽ መክፈል። ስምንት ፕለጊን ቢኖር አራቱን አጥፍቶ ፕሮግራሙን እንደገና ማስነሣት። ስሕተቱ ከጠፋ በደለኛው ከጠፉት አራት አንዱ ነው፤ ካለ ደግሞ ከቀሩት አንዱ ነው። እንዲህ አራቱን ወደ ሁለት፥ ሁለቱን ወደ አንድ ስናወርድ በሦስት ሙከራ ይገኛል፤ ለዐሥራ ስድስትም አራት ሙከራ ይበቃል። ስሕተቱ በሁለቱም ወገን ቢጠፋ ግን ጠቡ የሁለት ፕለጊኖች ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉንም አጥፍቶ አንድ በአንድ እየጨመሩ ማየት ይሻላል።

አምስተኛ፥ የተገኘውን ፕለጊን እትም ከዞቴሮ እትም ጋር ማስተያየት። ለዚህ እትም የታደሰ ካለ እርሱን መጫን፤ ከሌለ ማስወገድ። ችግሩ ከቀጠለ ለፕለጊኑ ጸሐፊ ማመልከት ይቻላል፤ ነገር ግን «አልሠራ አለኝ» ማለት ብቻ አይረዳውም። የሁለቱን እትም ቁጥር፥ መልእክቱንና የተደረገውን በቅደም ተከተል መጻፍ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጠበቀው ሕግ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አለመለወጥ። በጭንቀት ሦስት ነገር አንድ ላይ የለወጠ ተማሪ ስሕተቱ ቢጠፋለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ ነገ ሲመለስበትም እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደተባለ፥ ስሕተቱንም ሳይለዩ መንቀል ፈውስ አይደለም። ስለዚህ፥ ወንድሞችና እኅቶች፥ ማስረከቢያው ሳይደርስ ዛሬውኑ ግልባጫችንን እናስቀምጥ፤ ጽሑፉም እስኪያልቅ ድረስ አዲስ ደባል አናስገባ።