ከአኩፋዳ እስከ ቋሚ ገንዘብ፤ የከፍተኛ ትምህርት መዋጮ ታሪክ

ያለ ዋና ገንዘብ ንግድ እንደማይቆም ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። የትምህርት ነገርም ከዚህ የተለየ አይደለም። ይሁን እንጂ ስለ ከፍተኛ ትምህርት በሚነገርበት ጊዜ የመምህሩ ዕውቀትና የተማሪው ትጋት ሲወደስ ይሰማል እንጂ፥ መምህሩን ማን እንደ መገበው፥ ቤቱን ማን እንዳሠራው፥ ተማሪውም ምን በልቶ እንደ ተማረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ይህን ታሪክ በአጭሩ ማስረዳትና ለነጋዴ የሚሆነውን ትምህርት ከውስጡ ማውጣት ነው።

የጋይንት ሊቃውንትና የመንደሩ እንጀራ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ በንፋስ መውጫ ያልፋል። ከተማዪቱ በመንገደኛ ዘንድ የምትታወቀው በገበያዋና በብርዷ ነው። ሆኖም በጋይንት አገር ከፍተኛ ትምህርት የተተከለው ዩኒቨርሲቲ የሚለው ቃል በኢትዮጵያ ከመሰማቱ እጅግ አስቀድሞ ነው። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ በመሆን በመላው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የታወቀች ናት። ማስመስከር ማለት የተማረው ሰው ዕውቀቱ በሊቃውንት ፊት ተፈትኖ፥ ለማስተማር የበቃ መሆኑ የሚረጋገጥበት ሥርዐት ነው። በዛሬ አነጋገር ዲግሪ እንደ መቀበል ይቈጠራል።

ወደዚህ ትምህርት ቤት የሚመጣው ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን በትከሻው አንጠልጥሎ ከሩቅ አገር በእግሩ ይመጣ ነበር። ለየኔታ የሚከፍለው ገንዘብ የለውም። ውሃ ይቀዳል፥ እንጨት ይለቅማል፥ በእርሻ ጊዜም ያግዛል። ትምህርቱን ሲፈጽም ወደ መንደሩ ወጥቶ በእመቤታችን ስም ይለምናል፤ የቤቱ እመቤትም ከልጆቿ ድርሻ ቈርሳ ትሰጠዋለች። ያመጣውንም ከባልንጀሮቹ ጋራ ተካፍሎ ይበላል። እንግዲህ በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ያለው ገበሬ መዝገብ ሳይጻፍለትና ስሙ በግንብ ላይ ሳይቀረጽለት ሊቃውንትን አስተምሯል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ይህ ልግስና ትልቅ ቢሆንም አንድ ጉድለት ነበረው። ቁራሹ የሚገኘው ከመከር ነውና መከር ሲጠፋ ቁራሹም ይጠፋል። ዝናም በቀረበት ዓመት ገበሬው ለልጆቹ የሚሰጠው ሲያጣ ለተማሪ የሚቈረስ አይተርፍም፤ ተማሪውም ጎጆውን ትቶ ወደ ሌላ አገር ይሰደዳል። ይህን ጉድለት የሚሞላው የቤተ ክርስቲያን መሬት ነበር። መምህሩና አገልጋዩ ከመሬቱ በሚገኘው ገቢ ይኖሩ ነበርና። የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ሲወጣ ግን ቤተ ክርስቲያን ይህን መሬቷን አጣች፤ የአብነት ትምህርት ቤቱም ይበልጡን በምእመናን ቁራሽና መዋጮ ላይ ተደገፈ።

በሌላው ዓለም የሆነው

የሌላው ዓለም ታላላቅ ትምህርት ቤቶች አጀማመርም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በአሜሪካ ሃርቫርድ የተባለው ኮሌጅ በ1636 እ.ኤ.አ. በተቋቋመ ጊዜ አገሩ ገና አዲስ፥ ሕዝቡም ድኻ ነበር። በ1638 ጆን ሃርቫርድ የተባለው ቄስ ሲሞት የሀብቱን እኩሌታና 400 ያህል መጻሕፍቱን ለኮሌጁ ስለ ተናዘዘ ትምህርት ቤቱ በስሙ ተጠራ። ይህም አልበቃም። ስለዚህ በ1644 በዚያ አገር ያለ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ 9 ሊትር ያህል እህል ወይም 1 ሺሊንግ ለድኻ ተማሪዎች እንዲያዋጣ ተጠየቀ። ዛሬ በሀብቱ በዓለም የታወቀው ሃርቫርድ እንደ ጋይንት ተማሪ ከመንደር በተለመነ እህል የኖረበት ዘመን ነበረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የነጋዴ ነው። ኤሊሁ ዬል በህንድ አገር ማድራስ ገዥ የነበረና በንግድ የበለጸገ ሰው ነው። በ1718 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮነቲከት ለሚገኝ አንድ ታናሽ ትምህርት ቤት 9 እስር ዕቃ፥ 417 መጻሕፍትና የእንግሊዙን ንጉሥ ሥዕል ላከ። ዕቃው ቦስተን ላይ ተሽጦ 562 ፓውንድ ያህል አወጣ፤ ትምህርት ቤቱም እስከ ዛሬ ዬል ተብሎ ይጠራል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ስጦታ አንድ ጊዜ ተቀብለው የሚጨርሱት ነው። በ1890 የዬል ምሩቃን በየዓመቱ የሚያዋጡበትን ሥርዐት ያቆሙት የአንድ ሰው አንድ ጊዜ መስጠት ብቻውን ስለማይበቃ ነው።

ሦስተኛው በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ የሚገኘው ሜርተን ኮሌጅ ነው። ዋልተር ደ ሜርተን ኮሌጁን በ1264 እ.ኤ.አ. ሲመሠርት ገቢ የሚሰጥ መሬት አብሮ ሰጠው። ዋናው ሳይነካ ፍሬው ብቻ የሚበላበት ሀብት ስለ ተመደበለት ኮሌጁ ከ700 ዓመት በላይ ቆሟል።

በኢትዮጵያ ዘመናዊው ትምህርት

ዘመናዊው ትምህርት በኢትዮጵያ ሲጀመር የነጋዴው ድርሻ ቀላል አልነበረም። ራስ ተፈሪ መኰንን በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ከከፈቱ በኋላ፥ በ1926 እ.ኤ.አ. ወደ አገር በሚገባውና ከአገር በሚወጣው ሸቀጥ ላይ ለትምህርት የሚውል ከመቶ 6 ልዩ ቀረጥ ተጣለ። ቡናና ቈዳ የላከ፥ አቡጀዲ ያስመጣ ነጋዴ ሁሉ ያን ጊዜ ልጆች ለማስተማር ከፍሏል።

ከፍተኛው ትምህርት ግን የቆመው ይበልጡን በመንግሥት ገንዘብና በውጭ ርዳታ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ጀመረ። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ከኢትዮጵያ መንግሥት ሌላ የአሜሪካን፥ የዓለም ጤና ድርጅትንና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትን እገዛ አግኝቷል። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራ ነው። የንፋስ መውጫ ልጅ ዛሬ በቅርብ የሚያገኘው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም በ2004 ዓ.ም. በመንግሥት በጀት ሥራ ጀመረ።

ርዳታም ሆነ በጀት የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ርዳታ የመንግሥታት ወዳጅነት ሲለወጥ ይለወጣል፤ በጀትም አገር ሲቸገር ይጠባል። በ1996 ዓ.ም. ምሩቃን የትምህርታቸውን ወጪ በከፊል ከደመወዛቸው እንዲመልሱ የሚያደርገው የወጪ መጋራት ሥርዐት ተጀመረ። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1294 ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበት መንገድ ተከፈተ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ሆነ። ስለዚህ ድኻው ተማሪ በማን ገንዘብ ይማራል የሚለው ጥያቄ እንደ ገና ወደ ሕዝቡ ደጅ መጥቷል።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

1ኛ፤ ታናሽ ነገር ግን የማይቋረጥ መዋጮ ከአንድ ጊዜ ትልቅ ስጦታ ይበልጣል። ለምሳሌ 40 ባለ ሱቆች በየሳምንቱ 50 ብር ቢያዋጡ በ52 ሳምንት 104,000 ብር ይሆናል። እቁብ የለመደ ነጋዴ ለዚህ ሥራ አዲስ አይደለም፤ ዳኛውንም ጸሐፊውንም ዋሱንም ያውቃል።

2ኛ፤ ዋናው አይበላም። ከላይ የተጠቀሰው 104,000 ብር በዓመት ከመቶ 7 ወለድ ቢያስገኝ 7,280 ብር ይሰጣል። ከዚህም የሚወጣው በከፊል ብቻ ነው። የዕቃ ዋጋ በየዓመቱ ሲጨምር የገንዘብ ኀይል ስለሚቀንስ፥ ከትርፉ አንድ ክፍል ወደ ዋናው ካልተመለሰ ቍጥሩ እንዳለ ሆኖ ሀብቱ ይመነምናል። የዕቃ ዋጋ ከወለዱ ይልቅ የሚፈጥን ከሆነም፥ እንደ ዋልተር ደ ሜርተን ገቢው ከዋጋ ጋራ የሚያድግ ሀብት መፈለግ ይገባል። የሚከራይ ሱቅ ወይም የአክሲዮን ድርሻ ለዚህ ይስማማል።

3ኛ፤ ሒሳቡ በግልጥ ይነገር። ለእያንዳንዱ ገቢ ደረሰኝ፥ ለእያንዳንዱም ወጪ ማስረጃ ሊኖር ያስፈልጋል። በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡ በአዋጪዎች ፊት ይነበብ፤ ለተማሪ የተሰጠው ገንዘብም ለሌላ ሥራ አይዋል። ሰው ከመስጠት የሚሰንፈው ስስት ስላለበት ብቻ አይደለም፤ የሰጠው የት እንደ ደረሰ ሳያውቅ ስለሚቀርም ነው።

በጋይንት የምትኖር እናት ቁራሿን በሰጠች ጊዜ ተቀባዩ ሊቅ ይሁን አይሁን አታውቅም ነበር። ከእርሷ የተረፈውን ያህል ሰጠች። ነጋዴ ግን ከእርሷ የሚበልጥ አንድ ነገር አለው፤ እርሱም ገንዘብን ጠብቆ የማርባት ጥበብ ነው። ይህን ጥበብ ለትምህርት ቢያውለው፥ ዝናም በቀረበትም ዓመት ደብተሩን ዘግቶ የሚሰደድ ተማሪ አይኖርም።